የሼክ ሁሴን ሌሊትና የእኔ ትራይፖድ

ከሮቤ ተነስተው በጎሮና በጊኒር በኩል ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዙ ከሆነ፣ ጠዋት የለበሱትን ጃኬት መንገድ ላይ ያወልቁታል። የባሌ ደጋ ብርድ ከኋላ ይቀርና የቆላው ሙቀት ይቀበልዎታል። እኔ ከጃኬቱ ሌላ አንድ የሚከብድ ነገር ይዤ ነበር፤ ትራይፖድ።

የሄድኩት ከእናቴ ጋር ነው። የብዙ ዓመት ስለት ነበረባት። ለአረፋ አብሬያት እንድሄድና ማታ ከምዕመናኑ ጋር ሆና ስታዜም ፎቶ እንዳነሳት አደራ አለችኝ። ማርኬቲንግ ስለምሠራ ቤተሰቡ ሁሉ ፎቶ አንሺ አድርጎ ያየኛል። እኔ ግን በሥራዬ የማነሳው ዕቃ ነው። ዕቃ ደግሞ አይንቀሳቀስም።

ስፍራው ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ይገኛል። ነጫጭ ግንቦቹ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ሰማያዊ ሲለወጡ ማየት ብቻውን መንገዱን ያስረሳል። ምዕመናኑ ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለ በትር ይዘው ይመጣሉ፤ ከስፍራው ነጭ አፈር ለበረከት እየወሰዱ ግንባራቸውን ይቀባሉ። ካሜራ ከማውጣትዎ በፊት የስፍራውን ጠባቂዎች ያስፈቅዱ። ፍላሹንም ያጥፉት። የሚጸልይ ሰው ዓይን ላይ መብራት ማብራት ነውር ነው።

ሲመሽ ትራይፖዴን ተከልኩ። አይኤስኦ 100፣ አንድ ሰከንድ። በፎቶው ላይ ግንቡ ስንጥቁ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ። እናቴ የቆመችበት ቦታ ላይ ግን ያለው ነጭ ጭስ ነበር። ደግሜ አነሳሁ፤ አሁንም ጭስ። ትራይፖድ የሚያረጋጋው ካሜራውን እንጂ የሚያጨበጭበውን ሰው አይደለም። ይህን ከመሄዴ በፊት ማሰብ ነበረብኝ።

በዚያ ላይ ሰዉ እግሩ እየተጠላለፈ ተቸገረ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ከፍ አድርገው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ በዙሪያችን ያሉት ሳቁ። እናቴ ተረጎመችልኝ፦ «ልጄ፣ እኔ በአንድ እግር ይህን ሁሉ መንገድ መጣሁ፤ ያንተ በሦስት እግሩ አልቆም አለ?»

አጣጥፌ ለሾፌራችን ሰጠሁትና አይኤስኦውን ወደ 6400 አወጣሁት። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ቁጥሩ በእጥፍ ባደገ ቁጥር የሚያስፈልገው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። ከ100 እስከ 6400 ስድስት ጊዜ መታጠፍ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰከንድ የፈለገው ፎቶ በስልሳኛ ሰከንድ ገደማ ይነሳል። ሰው በዜማው መሐል ለአፍታ ገታ ሲል ከጠበቁ ይህ ለፊት ይበቃል፤ የሚያጨበጭብ እጅ ግን አሁንም ብዥ ይላል። ሌንስዎ f/1.8 ድረስ የሚከፈት ከሆነ የበለጠ ይቀልልዎታል። ዋጋው ነጠብጣብ ነው፤ ፎቶው ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። በስልክ የሚያነሱ ከሆነም የማታ ሞዱን ብዙ አይመኑት። ብዙ ፎቶ እያነሳ ስለሚያዋህድ የሚንቀሳቀስ ሰው እዚያም ሊደበዝዝ ይችላል።

ትራይፖዱን በከንቱ አልተሸከምኩትም። ስንመለስ ሶፍ ዑመር ዋሻ ጎራ አልን። የወይብ ወንዝ ገብቶ የሚወጣበት፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ ነው። ውስጡ ያሉት የድንጋይ ዓምዶች ሰው የቀረጻቸው አዳራሽ ይመስላሉ፤ እነርሱ ደግሞ የትም አይሄዱም። አይኤስኦውን ወደ 100 መልሼ፣ ጣቴ እንዳያንቀጠቅጠው የሁለት ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ሞልቼ፣ ሻተሩን ለ20 ሰከንድ ከፈትኩት። አስጎብኚያችን በባትሪው ዓምዶቹን ቀስ እያለ አበራልኝ። በሕይወቴ ካነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ የጠራው ይህ ነው።

አዲስ አበባ ስንደርስ ሁለቱንም አሳትሜ ለእናቴ ሰጠኋት። የዋሻውን «ጥሩ ነው» ብላ ጠረጴዛው ላይ ተወችው። የሌሊቱን ግን ወደ መስኮቱ ወስዳ ቆማ አየችው። አፏ ለዜማ ተከፍቷል፣ ዓይኖቿ ተጨፍነዋል፣ ፊቷ ላይ ነጠብጣቡ ይታያል።

«ይህ ፊቴ ላይ ያለው የዚያ አፈር ነው?» አለችኝ።

አይኤስኦ ነው ማለት አቃተኝ።