ከሰማይ የማይታየው ላዳ

ሥራህ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምሰጠው አጭር መልስ «ከሰማይ የተነሣ ምስል አነባለሁ» የሚል ነው። የሙያው ሰዎች ሪሞት ሴንሲንግ እንለዋለን፤ ሳይነኩና ሳይጠጉ፣ ከሩቅ ሆኖ ማወቅ ማለት ነው። እናቴ ለጎረቤቶቿ ስታስረዳ ግን ከእኔም ታሳጥረዋለች፤ «ልጄ ሥራው ሰማይ ላይ ነው» ትላለች።

ይህ የሰማይ ሥራዬ ምድር ላይ የተፈተነው በ2009 ዓ.ም. ክረምት ነው። አንድ ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ የቡና ሲኒ ከእናቴ እጅ አመለጠ። ጎንበስ ብላ ላንሣው ስትል ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት፤ አፏም ጠመም አለ። ከሰፈር አንዲት ላዳ ኮንትራት ይዘን ከመገናኛ ወደ አራት ኪሎ ገሰገስን። «ገሰገስን» ማለቴ ለወግ ያህል ነው፤ እንግሊዝ ኤምባሲ ሳንደርስ ቆምን። ሾፌሩ ክላክሱን ሲያንባርቅ ቆየና፣ «ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ክንፍ የለኝ!» ብሎ እጁን ከመሪው ላይ አነሣ።

ሰው ሲጨንቀው አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ ይሳደባል። እኔ መቁጠር ጀመርኩ። ረዳቱ «አራት ኪሎ፣ አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ መንገዱን የዘጋ ሚኒባስ፣ አንድ። ከውስጥ ለውስጥ መንገድ አፍንጫውን ያስገባ ፒካፕ፣ ሁለት። ከጎማው ሥር ድንጋይ አስደግፎ የቆመ የተበላሸ አይሱዙ፣ ሦስት። እናቴ በተያዘ ምላሷ «ምንድን ነው የምትቆጥረው?» አለችኝ። «ምንም አይደል እማዬ፣ አይዞሽ» አልኳት።

እውነቱን ለመናገር የምቆጥረው ጭጋግ ነበር። የፀሐይ ብርሃን መሬት ነክቶ ወደ ሳተላይቱ የሚመለሰው አየሩን አቋርጦ ነው። በጉዞው ላይ አቧራው፣ ጢሱና የውሃው ተን ከፊሉን ይውጡታል፣ ከፊሉን ይበትኑታል፤ ከሌላ አቅጣጫ የተበተነ ብርሃን ደግሞ መሐል ገብቶ ይቀላቀላል። ስለዚህ ምስሉን ለማጥራት ስንነሣ ዋናው ጥያቄያችን «አየሩ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ሳይሆን «በውስጡ ምን ያህል እንቅፋት አለ?» የሚል ነው። ሕጉ ቀላልም ጨካኝም ነው። እኩል ውፍረት ያለው እያንዳንዱ የጭጋግ ድርብ ከደረሰው ብርሃን ላይ እኩል ድርሻ ይወስዳል። አንዱ ድርብ ከመቶ 20 ቢወስድ፣ ከሁለተኛው በኋላ 64፣ ከአምስተኛው በኋላ 33 ያህል ብቻ ይተርፋል። እያንዳንዱ ድርብ «እኔ የወሰድኩት ጥቂት ነው» ማለት ይችላል፤ እውነቱንም ነው።

መንገዱም እንዲሁ ነው። መኪና የሚውጥ መታጠፊያ አለ፣ መኪና የሚጨምር መጋጠሚያ አለ፣ ፍሰቱን የሚበትን የቆመ ሚኒባስ አለ። በኪሎ ሜትር ሲለካ ቅርባችን የነበረው ሐኪም ቤት፣ በእንቅፋት ሲለካ ደብረ ብርሃን ሄዶ ነበር።

ሆኖም ንጽጽሩ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። ብርሃን ከፊቱ ያለው ብርሃን ቆመ ብሎ አይቆምም፤ መኪና ግን ይቆማል። ላይትሂልና ዊታም የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1955 ጥንድ ጽሑፍ አሳትመው ነበር። የመጀመሪያው ስለ ረዣዥም ወንዞች ጎርፍ፣ ሁለተኛው ስለ ተጨናነቁ መንገዶች ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ሐሳብ ተነተኗቸው። መኪኖቹ ወደ ፊት እየተጓዙ ሳለ የመጨናነቁ ማዕበል ወደ ኋላ ሊሄድ እንደሚችል አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የጃፓናውያን ሙከራ ደግሞ ነገሩን በዓይን አስመሰከረ። ዙሪያው 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ 22 መኪኖች በእኩል ፍጥነት ንዱ ተባሉ። መብራት የለም፣ እግረኛ የለም። ጥቂት ቆይቶ መጨናነቅ ከምንም ተፈጠረ፤ ወደ ኋላም ተጓዘ። አንዱ ትንሽ ፍሬን ሲይዝ ተከታዩ ትንሽ ጨምሮ ይይዛልና።

እንግዲህ ያን ምሽት ያቆመን ሰው ከፊታችን ያየነው ላይሆን ይችላል። ምናልባት ቀደም ብሎ ቆሞ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ቤቱ ገብቶ እራት በልቷል። ያቆመው ማዕበል ግን ወደ እኛ እየመጣ ነበር።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙ ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደጀመራት ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ለምን ደጋግሞ እንደጠየቀኝ በኋላ ገባኝ፤ ደም ያልደረሰው አንጎል ደቂቃ የሚታገሥ አይደለም። እናቴ ተረፈች። ቀኝ እጇ ግን ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ምስሎቼን ሳይ አንድ ነገር ይከነክነኛል። በምሠራባቸው የላንድሳት ምስሎች ላይ አንዲት ነጥብ መሬት ላይ 30 በ30፣ ማለትም 900 ካሬ ሜትር ትሸፍናለች። ላዳ ከዚህ ውስጥ 7 ካሬ ሜትር አትሞላም። አስፋልቱ፣ ዛፉ፣ ጣራውና ላዳዋ ተደባልቀው አንድ ቁጥር ይሆናሉ። የትራፊክ ቀመሩም ቢሆን በኪሎ ሜትር ስንት መኪና፣ በሰዓት ስንት መኪና እያለ ይቆጥራል እንጂ፣ የትኛው ወደ ሠርግ፣ የትኛው ወደ ሐኪም ቤት እንደሚሄድ አይለይም። ቀመሩን አልወቅሰውም። ማዕበሉን ያስረዳኝ እሱ ነው፤ ከላዳዋ መስኮት አልታየኝም ነበር። እናቴን ያየሁት ግን ከላዳዋ ውስጥ ነው።

ዓመታት አለፉና እኔም መኪና ገዛሁ። አንድ ምሽት ዳቦ ልገዛ «ለአንድ ደቂቃ» ብዬ መንገድ ዳር ከቆሙት መኪኖች ጎን ደርቤ አቆምኩ። ስመለስ ከኋላዬ የተሰለፈው ክላክስ ሰማይ ይነካል። ሞተሩን አስነሥቼ ልሄድ ስል በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ፤ የመጨረሻው መኪና አይታይም። እዚያ ሰልፍ ውስጥ አንዲት ላዳ ትኑር አትኑር ዛሬም አላውቅም። ለሰው ጭጋግ እንደሆንኩ ግን አወቅሁ።

ቤት ስገባ እናቴ ቡና አፍልታ ትጠብቀኛለች። ጀበናውን ያነሣችው በግራ እጇ ነው። «መንገዱ እንዴት ነበር?» አለችኝ። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ተዘጋግቶ ነበር እማዬ» አልኳት። ማን እንደዘጋው አልነገርኳትም።