ጎማውን ለየትኛው መንገድ እንግዛ?

በአስፋልትም በኮሮኮንችም የምትሄድ መኪና ያለው ቤተሰብ ጎማ የሚቀይርበት ጊዜ ሲደርስ ሁለት መንገዶች ይከራከሩበታል። አንደኛው በየቀኑ የሚመላለስበት አስፋልት ነው። ሁለተኛው በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ የሚገጥመው የገጠር ጭቃ ነው። የሚገርመው ግን ገዢው ገበያ ሲወጣ በዓይነ ሕሊናው የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ጭቃው ብቻ መሆኑ ነው። አስፋልቱን ማንም አይፈራውም።

ውድ አንባብያን፣ የጎማ ነገር ለቤተሰብ መጽሔት ምኑ ነው የሚል አይጠፋ ይሆናል። ልጆቻችንንና ወላጆቻችንን ጭነን «ቢስሚላህ» ብለን የምንነሳባት መኪና ከመሬት ጋር የምትገናኘው እያንዳንዳቸው የዚህን መጽሔት ግማሽ ገጽ በሚያህሉ አራት የጎማ ገጾች ብቻ ነው። ሌላው ብረት ሁሉ፣ ፍሬኑም መሪውም፣ ሥራውን የሚሠራው በእነዚያ በኩል ነው። አማና የሚባለው ነገር ከዚህ የበለጠ በእጅ የሚዳሰስበት ቦታ ብዙ አይመስለኝም።

እኛ ሦስት ወንድማማቾች በጋራ የያዝናት አንዲት ያገለገለች ላንድክሩዘር ፕራዶ አለች። እኔና ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ነን፤ ታላቅ ወንድማችን ከእናታችን ጋር ስልጤ፣ ከወራቤ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ይኖራል። ባለፈው ዓመት አራቱም ጎማዎች ጥርሳቸው ሲያልቅ ወንድም ጋሼ ስልክ ደውሎ፣ «ጥርሱ ትልልቅ የሆነውን የጭቃ ጎማ ግዙ። ዓረፋ ሲመጣ በር ድረስ እንድትገቡ ነው የምፈልገው። እናታችሁ ከደጃፏ ሆና ነው የምትጠብቃችሁ» አለ። በአገራችን የታላቅ ወንድም ቃል በቀላሉ አይመለስም። የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠየቅበት ወር ስለነበረም አንዴ ገዝተን ካልሆነልን ሌላ የምንለውጥበት ገንዘብ አልነበረንም።

የጭቃ ጎማ ጥርሶቹ ትልልቅ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሰፊ ነው። ክፍተቱ የተሠራበት ምክንያት አለው፤ ጎማው ሲሽከረከር የነከሰውን ጭቃ ወደ ውጭ እየወረወረ ራሱን እንዲያጸዳ ነው። ጥርሱ ደቃቅ የሆነው የአስፋልት ጎማ ግን ጭቃ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ይደፈንና እንደ ለስላሳ በርሜል ይንሸራተታል። እስከዚህ ድረስ ወንድም ጋሼ እውነቱን ነው። ችግሩ ያው ክፍተት አስፋልት ላይ ሲወጣ የሚነካ ጎማ የሌለበት ባዶ ቦታ መሆኑ ነው። በዝናብ በራሰ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ መኪናዋ ለመቆም ተጨማሪ ሜትሮች ትፈልጋለች። በዚያ ላይ ጎማው ከባድ ነው፤ ይጮሃል፤ ነዳጅ ይጨምራል፤ ጥርሱም በአስፋልት ላይ ቶሎና ሳይስተካከል ይበላል።

ከአዲስ አበባ በአለም ገና ወጥቶ በቡታጅራ በኩል ወራቤ የሚያደርሰው መንገድ ወደ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አስፋልት ነው። ከዚያ ወደ ቤታችን የሚያስገባው ጥርጊያ ከ10 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ደግሞ ከተማው፣ የገበያው ሰው፣ ከብቱ፣ የፈረስ ጋሪው፣ ከመድረሳ የሚመለሱት ሕፃናት አሉ። ጎጂን ነገር ከመንገድ ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች የሚቆጠር መሆኑን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንማር ድንጋይና እሾህ ብቻ ነበር የሚታየን። በዝናብ ቀን በጊዜው ለመቆም የማትችል ሁለት ቶን መኪና ግን ከድንጋይ ትከፋለች።

አንድ ሌላ ነገርም ለወንድም ጋሼ አነሳሁለት። ዓረፋ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ይመጣል። በ2010 ዓ.ም. የዋለው ነሐሴ 15 ቀን፣ ክረምቱ መሐል ላይ ነበር፤ የእሱም ትዝታ ከዚያ ከጭቃው ዘመን ነው። በ2017 ዓ.ም. ግን ግንቦት 29 ቀን ዋለ፤ ወደፊትም ከክረምቱ እየራቀ ይሄዳል። ጎማ ደግሞ ለአንድ ዒድ አይገዛም፤ ለአራት አምስት ዓመት ነው። እኛ ዛሬ የምንገዛው ጎማ ዕድሜው እስኪያልቅ ድረስ ዓረፋ ክረምት ላይ አይመለስም። በስልኩ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና፣ «አንተ ደግሞ ከጨረቃ ጋር ተማክረህ ነው ጎማ የምትገዛው» ብሎ ሳቀ።

በአስፋልትና በጭቃው ጎማ መካከል ያለው ለሁለቱም መንገድ የተሠራው ነው። ባለሱቆች «ኤ.ቲ.» ይሉታል፤ ለጭቃ ብቻ የሆነውን «ኤም.ቲ.»፣ የአስፋልቱን «ኤች.ቲ.» ይሉታል። ኤ.ቲ. በሁለቱም ቦታ አንደኛ አይደለም። ጥልቅ ጭቃ ውስጥ ያስቸግራል፤ በአስፋልትም እንደ ኤች.ቲ. ጸጥ አይልም። በኮሮኮንችና በቀላል ጭቃ ላይ ግን ይበቃል፤ ጎኑም ከአስፋልቱ ጎማ ይልቅ ድንጋይ ይችላል። መኪናዋ ከከተማ የማትወጣ ቢሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር ኤች.ቲ. እገዛ ነበር፤ ገጠር ሆኜ በየቀኑ ጭቃ የምረግጥ ብሆን ደግሞ እንደ ወንድም ጋሼ አስብ ነበር።

ስለ ንፋስም ሳላነሳ አላልፍም። ጭቃ ወይም አሸዋ ውስጥ ለመግባት ንፋስ መቀነስ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ጎማው ይሰፋና አይሰምጥም። ሳይሞሉት አስፋልት ላይ ወጥቶ መክነፍ ግን ሞት መጥራት ነው። የጎማው ጎን በየዙሩ እየተጣጠፈ ይግላል፤ ሙቀቱ ሲበዛም የጥርሱ ንጣፍ ከሥሩ ካለው ሽቦ ይላቀቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 ፎርድ ኩባንያ በሳዑዲ ዓረቢያና በአካባቢው አገሮች ባሉ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ የነበሩ የፋየርስቶን ጎማዎችን መለወጥ ጀመረ፤ በሙቀትና በፍጥነት መሐል ንጣፋቸው እየተላቀቀ መኪኖች ይገለበጡ ነበርና። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2000፣ በአሜሪካ ወደ 6.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ጎማ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። የአገሪቱ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከ200 በላይ ሞት ከነዚያ ጎማዎች ጋር አያይዟል። ሁለቱ ኩባንያዎች በጥፋቱ ተወነጃጀሉ፤ ከክርክራቸው አንዱ ፎርድ ለመኪናው ያዘዘው 26 ፒ.ኤስ.አይ. ንፋስ አንሷል ወይስ አላነሰም የሚለው ነበር። ለእኛ የሚበቃን የንፋሱ ልክ በሾፌሩ በር አጠገብ ተለጥፎ እንደሚገኝና መለካት ያለበትም ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ መሆኑን ማወቅ ነው።

ሱቅ ስንገባ በጎማው ጎን የተጻፈውን እንድታነቡ አደራ እላለሁ። 265/70 አር 16 የሚል ከሆነ ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 ከመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች ነው። ከዚያ የሚከተለው 112 አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ መሸከም እንደሚችል፣ ኤስ የሚለው ፊደል እስከ 180 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መቻሉን ይነግራል። ቤተሰብ ከነዕቃው ሲጫን ቁጥሩ ያነሰ ርካሽ ጎማ መግዛት ምን እንደሚሆን አስቡት።

ከሁሉ የሚያሳስተው የተሠራበት ቀን ነው። አራት አኃዝ ናት። 2317 የሚል ካያችሁ በ2017 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ ነገር ግን 2017 የፈረንጆቹ ነው። በእኛ አቆጣጠር 2009 ዓ.ም. ነው። መርካቶ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ በቅን ልቦና «ልጄ፣ ይኸው የዘንድሮ ነው፣ 17 ይላል» ብለውኛል። «ሐጂ፣ ይህ የፈረንጅ ቁጥር ነው፤ ስምንት ዓመት ሆኖታል» ስላቸው መነጽራቸውን አውጥተው አዩና «ወላሂ አላወቅኩም» ብለው ከመደርደሪያው አወረዱት። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ብዙ አምራቾች ጥርሱ ቢኖርም ከ10 ዓመት በላይ አትንዱበት ይላሉ፤ አንዳንድ መኪና ሠሪዎች በ6 ዓመት ለውጡ ይላሉ።

እንደ ሐጂ ያለው ግን ሁሌ አይገኝም። ያገለገለ ጎማ ጥርሱን እንደገና አስቆርጠውና በጥቁር ቀለም አብለጭልጨው እንደ አዲስ የሚሸጡ አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ ከእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ሥሩ የረጠበ ሆኖ ያገኙበትን ታሪክ ነጋዴ ወንድሞቻችን ሁሉ ያውቁታል። የረጠበ እህል የሚጎዳው የገዢውን ኪስ ነው። የተቆረጠ ጎማ ግን በመንገድ ላይ ሲፈነዳ ከገዢው ጋር ሽያጩን ያላየ ሕፃን ይዞ ይሄዳል።

በመጨረሻ አራት አንድ ዓይነት ኤ.ቲ. ገዛን። ታናሽ ወንድሜ ለጊዜው ሁለት እንግዛ ብሎ ነበር። የእኛዋ መኪና ግን ሁልጊዜ አራቱንም ጎማ የምትስብ ስለሆነች ሁለቱ አዲስ፣ ሁለቱ ያለቀ ሲሆን የመዞራቸው ልክ ተለያይቶ ዲፈረንሻሉን ይጎዳዋል። ስኮርታውን ከአሮጌዎቹ ከሻሉት አንዱን አደረግን፤ ክሪኩን ጎሚስታው ዘንድ አስፈትሸን አካፋና ገመድ ጨመርን።

ወንድም ጋሼ ሙሉ በሙሉ አልተስማማም። «አላህ ነው የሚጠብቀው፣ ምን ይህን ያህል ትጨነቃላችሁ» አለ። ግመሉን ሳያስር ተወኩል ስላለው ሰው ሳስታውሰው፣ «እሱማ ልክ ነው፤ እኔ ግን ግመሉ ደጃፍ ድረስ ይግባ ነው የምለው» አለኝ። ክርክሩን የዘጉት እናታችን ናቸው። ስልኩን ተቀብለው፣ «ሌሊቱን ከዘነበ ወደዚህ አትውረዱ፤ ከአስፋልቱ ዳር ያለው መስጊድ ጋ ጠብቁኝ፣ ፈረሱን አስጭኜ እኔው እመጣለሁ» አሉ።