አሮጌው ሲንጀር፦ ለጠጋኝ ወይስ ለቆራሌው?

የቆየ የልብስ ስፌት መኪና ይጠገን ወይስ ይለወጥ ሲባል መጀመሪያ የሚታየው መለዋወጫው ነው። በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአጠና ተራም ሆነ በዘነበወርቅ፣ በእግር የሚረገጠው የብረት መኪና ላይ የተጻፈው ስም ቢራቢሮም ይሁን ሌላ፣ ብዙ ሰው ሲንጀር ይለዋል። አጠራሩ ከእውነት ብዙ አይርቅም። አሜሪካዊው አይዛክ ሲንጀር እ.ኤ.አ. በ1851 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ኩባንያው በኋላ ካወጣቸው ዓይነቶች አንዱ፣ 15 ቁጥር የሚባለው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጃፓን፣ ከዚያም በቻይና እየተቀዳ ተሠርቷል፤ የሻንጋዩ ቢራቢሮም የዚሁ ዘር ነው። ስለዚህ የአንዱ መርፌና ቦቢን ብዙውን ጊዜ ለሌላው ይሆናል። መርካቶ ወርዶ ዕቃ መፈለግ ተስፋ የማያስቆርጠው በዚህ ነው።

ደግሞ ተበላሸ የሚባለው ሁሉ አልተበላሸም። የጎበጠ ወይም ተገልብጦ የገባ መርፌ ብቻውን ስፌት ያዘልላል። ለመፈተሽ መርፌው በአዲስ ይለወጥና አራት እጥፍ አቡጀዲ ይሰፋበታል። ላይ ላዩን አምሮ ከሥር ክሩ እንደ ፎጣ ጸጉር ከተንጨፈረረ፣ ብዙ ሰው የሚነካካው የታችኛውን ክር ነው፤ ጥፋቱ ግን የላይኛው ነው፤ ክሩ በማጥበቂያው ሁለት ሳህኖች መካከል አልገባም፣ ወይም ማጥበቂያው ላልቷል። መዘውሩ አልዞር ካለ ዘይቱ ደርቆ ሙጫ ሆኖ ይሆናል፤ ነጭ ጋዝ ጠብ እያደረጉ በቀስታ ያላቅቁትና በስፌት መኪና ዘይት ይተኩታል። (የምግብ ዘይት የሚያፈሱበትም አሉ፤ ለጊዜው ያለሰልሳል፣ ውሎ አድሮ ግን ራሱ ሙጫ ይሆናል።) የላላ የቆዳ ቺንጋ ተቆርጦ ያጥራል። ይህ ሁሉ ከባድ ወጪ የለውም።

ወጪው የሚጀምረው ክሩን ከታች የሚቀበለው መንጠቆ ጫፉ ሲሸረፍ ነው፤ ጥፍር ሲያልፍበት ከያዘ ተሸርፏል። እሱም ቢሆን ይለወጣል። የመርፌው ዘንግ በጣት ሲገፋ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ፣ ወይም አካሉ ከተሰነጠቀ ግን ቆራሌው ይጠራ፤ ደህና የቀሩት ብሎኖችና ጥርሶች ምናለሽ ተራ ሌላ መኪና ያድናሉ።

ሌላው ጉዳይ የሥራው ዓይነት ነው። ለሱሪ፣ ለዩኒፎርምና ለመጋረጃ ቀጥ ያለው የአሮጌው ስፌት ይበቃል። እንደ ቲሸርት የሚለጠጥ ጨርቅ ግን ዚግዛግ ወይም ኦቨርሎክ ይጠይቃል፤ ያን ጥገና አያመጣውም። ኦቨርሎክ ደግሞ ጠርዝ ይይዛል እንጂ የመደበኛውን መኪና ሥራ ሁሉ አይሠራም፤ አሮጌውን ሸጦ እሱን ብቻ መግዛት አያዋጣም። ፍጥነት ብቻ ከሆነ የተፈለገው፣ ከጀርባው የማሰሪያ ቀዳዳ ያለው መኪና ትንሽ ሞተር ይገጠምለታል። መርገጫው ያለበት ጠረጴዛ ግን አይሸጥም፤ መብራት ሲጠፋ የሞተሩ ቺንጋ ወልቆ የእግሩ ይመለሳል።