ፍቅር ነው ወይስ ምሳ?

ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤት የምንጋራው ልጅ ኪንግስኔክ ያራባል። ይህ እባብ መርዝ የለውም፤ ግን ሌላ እባብ ይበላል፣ የራሱን ዓይነት ሳይቀር። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ለየብቻ ነው የሚቀመጡት። በጸደይ ወንዱን ሴቷ ጋ ከማስገባቱ ቀናት በፊት ሁለቱንም በደንብ ያበላቸዋል። ከዚያ ወንበር ስቦ መጠበቅ ነው።

ግራ የሚያጋባው፣ ወንዱ ሲገናኛት አንገቷን መንከሱ የተለመደ ነው። ንክሻው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ አንዱ ሌላውን ተጠምጥሞ መጭመቅ ከጀመረ ግን ነገሩ ምሳ ሆኗል።

እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ፤ ኮዴ ቢበላሽ ወደ ትናንቱ ቨርዥን እመልሰዋለሁ። እዚህ መመለሻ የለም። ለዛ ነው ልጁ፣ ሁለቱ አንድ ላይ እስካሉ ድረስ፣ ስልኩ ቢጮህም የማያነሳው።