ከታች ያለው ሻወር ቤት

ባለፉት ሦስት ወራት ስልኬ ላይ ከልጆቼ ፎቶ ይልቅ የሻወር ቤት ፎቶ በዝቷል። ቤታችን የአዲስ አበባ ተዳፋት ላይ የተሠራ ስለሆነ ከፊት ሲያዩት አንድ፣ ከጓሮ ሲያዩት ሁለት ነው። የታችኛውን ምድር ቤት እንለዋለን፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠባብ ሽንት ቤትና ልብስ የሚታጠብበት መተላለፊያ አለው። እስካሁን የአሮጌ ፍራሽ፣ የልጆች ብስክሌትና የድግስ ብረት ድስት ማኖሪያ ነበር። አሁን ግን ጉልበቷን የሚያማት እናቴ ከደሴ መጥታ አብራን ልትኖር ነው። ወደ ላይኛው ቤት 14 ደረጃ አለ፤ ምድር ቤቱ ግን ከጓሮው ጋር እኩል ነው።

ሐሳቡን በስልክ ስነግራት «ልጄ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጋር ታች ልታስቀምጪኝ ነው?» አለችኝ። ሳቅ ብላ ነው ያለችው፤ እኔ ግን ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። እኛ ከተሜዎች ጥሩውን ነገር እንግዳ በሚያየው በኩል እናደርጋለን፤ ታችና ጓሮ የቀረው የሚቀመጥበት ነው። እናቴም ይህንን ታውቃለች። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሰበሰብኩት ሐሳብ ሁሉ በዚህች ጥያቄ ማለፍ ነበረበት።

ከፒንተረስት የሰበሰብኳቸው ፎቶዎች ያምራሉ፦ የመስታወት ግድግዳ፣ ጥቁር ቧንቧ፣ በእንጨት መደርደሪያ ላይ የተጠቀለለ ነጭ ፎጣ። አንዱም ላይ ግን ባልዲ የለም። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ባልዲና በርሜል ቦታ ያልተሰጣቸው ሻወር ቤት ውስጥ መተላለፊያው ላይ ተቀምጠው ያደናቅፋሉ። እናም የመጀመሪያው የዲዛይን ሐሳቤ የበርሜል ጥግ ሆነ። ባለቤቴ እስካሁን ይስቅብኛል።

ቧንቧ ሠራተኛው ሲመጣ ፎቶዎቹን አላያቸውም። በቀጥታ ጓሮ ወጥቶ የፍሳሽ ጉድጓዱን ክዳን አስነሳ። ምድር ቤት ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ወለሉ ከፍሳሽ መስመሩ በላይ ነው ወይስ በታች የሚለው ነው። በታች ከሆነ ፍሳሹን የሚገፋ ፓምፕ የግድ ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥርም ሽንት ቤቱ ሥራ ያቆማል። የእኛ በላይ ሆኖ ተገኘ፣ ተመስገን። ለዓመታት እርጥበት ነው ስንል የኖርነው ሽታም ሌላ ምክንያት ነበረው። ወለሉ ላይ ያለው ማፍሰሻ ስለማይሠራበት ሲፎኑ ውስጥ ያለው ውሃ ይደርቃል፤ ያኔ የጉድጓዱን ሽታ የሚያግደው ነገር የለም። በየሳምንቱ አንድ ጆግ ውሃ ማፍሰስ ብቻ በቃው። ቤታችሁ ውስጥ የማትጠቀሙበት ሻወር ካለ ዛሬውኑ ሞክሩት።

ከእሱ የቀሰምኩት ሌላው ነገር የማጠቢያ ማሽኑ ፍሳሽ የራሱ መስመር ይኑረው የሚል ነው፤ አለዚያ ማሽኑ ውሃውን በኃይል ሲለቅ አረፋው በሻወሩ ወለል ይመለሳል። ሮቶው ደግሞ ከፍ ባለ ቁጥር የውሃው ግፊት ይጨምራል፤ በ10 ሜትር ወደ 1 ባር ገደማ። ለአንድ ጊዜ እንኳ ታች መሆን ጠቀመን።

መርካቶ የሴራሚክ ሱቆች ውስጥ ሁለት ቅዳሜ አሳለፍኩ። ሻጮቹ መጀመሪያ የሚያሳዩት የሚያብለጨልጨውን ባለ 60 በ60 ነው። ውሃ አስመጥቼ አረጠብኩና በላስቲክ ጫማ ረገጥኩት፤ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ትንንሹ ሴራሚክ ግን መጋጠሚያው ብዙ ስለሆነ እግር ይይዛል። ወለሉ ደግሞ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ማፍሰሻው ማዘንበል ስላለበት፣ በአራቱም አቅጣጫ ለማዝቀዝቀዝ ትንሹ ይመቻል።

ለእናቴ የሚያስፈልገው ዝርዝር ረጅም አይደለም፤ ግን ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት መታሰብ አለበት። የእጅ መደገፊያው ብረት ባዶ ብሎኬት ላይ ቢመታ ሰው ሲንጠለጠልበት ይነቀላል፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ያለው ብሎኬት በኮንክሪት ይሞላል። በሩ 80 ሴንቲ ሜትር ሰፍቶ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ሰው ውስጥ ቢወድቅ በሩን በሰውነቱ እንዳይዘጋው። ቦይለሩና ማሽኑ የየራሳቸው መስመር፣ ምድር የገባ ሽቦ፣ ኤሌክትሪክ ሲሾልክ ወዲያው የሚያቋርጥ ብሬከር ይኖራቸዋል። በዚህ ላይ ቅናሽ የጠየቀኝን ኤሌክትሪሻን ሸኝቼዋለሁ።

ከፒንተረስት ሁሉ የሚበልጠውን ሐሳብ የሰጠችኝ ግን በቤት ሥራ የምታግዘን ልጅ ናት። «እትዬ፣ ሳፋው መሬት ላይ ስለሆነ እኮ ነው ወገቤን የሚያመኝ» አለችኝ። ማሽን ቢኖርም ነጠላና የልጆች ዩኒፎርም በእጅ ነው የሚታጠበው። አሁን ወገብ የሚደርስ የሲሚንቶ መደብ እናሠራለን። ከሥሩ በርሜል ይቀመጣል፤ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ እዚያ ተጠራቅሞ ለሽንት ቤት ይሆናል። የመስታወቱ ግድግዳ ዋጋ ወደዚህ ዞረ።

ከዚያ ንድፉን ለእናቴ በቪዲዮ አሳየናት። ባለቤቴ የማሽኑ ድምፅ እንዳይረብሻት በእሷ ክፍልና በማጠቢያው መካከል ሙሉ ግድግዳ ስሎ ነበር። ዝም ብላ አየችና «በዚህ በኩል ማን ያልፋል?» አለች። ማንም አያልፍም፣ ሰላም ይሆንልሻል አልናት። «እንግዲያ ልብሱን የሚያጥፈው ማነው?»

ግድግዳው ተሰርዞ በር ሆነ። ለማሽኑ ድምፅ ይዘጋል፣ ለሰው ይከፈታል። በጓሮው መስኮት ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ በሚገባበት በኩል፣ ተቀምጣ ልብስ የምታጥፍበት ሰፊ ጠረጴዛ ይገባል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ በዚያ በር ነው የሚገቡት፤ ቦርሳቸውን የሚሰቅሉበት ማንጠልጠያም እዚያው ይሁን ብላ ያዘዘችው እሷ ናት።

የሴራሚኩ ቀለም ገና አልተወሰነም። ባለቤቴ ግራጫ ይላል፣ እናቴ ውሃ ሰማያዊ። ግንበኛው ሰኞ ይጀምራል፤ ባለቤቴ እስከዚያ የሚያሸንፍ አይመስለኝም።