ጠቅላላ ትምህርትና አንድ ደብዳቤ

ባለፈው ክረምት የእኅቴ ልጅ ከሱሉልታ ተነሥታ፣ እንጦጦን ወርዳ፣ አዲስ አበባን አቋርጣ ቡራዩ ከሚገኘው ቤቴ መጣች። የመጣችበትም ጉዳይ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን በመልካም ውጤት ስለ ፈጸመች በምትመርጠው የትምህርት ክፍል ከእኔ ጋር ለመመካከር ነበር። እናቷ ግን አስቀድማ በስልክ «አደራህን፣ አካውንቲንግ ግቢ በላት፤ ፍልስፍና የሚሉትን ነገር ከልቧ አውጣልኝ» ብላኝ ስለ ነበር፣ እኔም ቃል ገብቼ እጠብቃት ነበር።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ2002 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ከመቶ ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ትምህርት ይመደብ የሚል መመሪያ ነበር፤ የጋራው የመጀመሪያ ዓመትም ቀርቶ ስለ ነበር ከደጁ እንደ ገባን ወደየሙያችን ተከፋፈልን። አካውንቲንግ ደረሰኝና፣ ከታሪክም ከጂኦግራፊም አንድ ገጽ ሳልገልጥ በሦስት ዓመት ተመረቅሁ። እንጀራዬን በልቼበታለሁና አላማርርም።

ሆኖም ከአራት ዓመት በፊት ከሰበታ የመጡ አንድ ሽማግሌ በምሠራበት መሥሪያ ቤት አቤቱታ አቀረቡ። ሰነዱን መረመርሁ፤ ቁጥሩን ደመርሁ፤ ስሕተት ስላላገኘሁበት «ጥያቄዎ ተቀባይነት የለውም» የሚል ደብዳቤ ጽፌ አስፈረምሁ። ሽማግሌው ደብዳቤውን ለልጅ ልጃቸው አስነብበው ተመለሱና በዘንጋቸው ተደግፈው፣

«ልጄ፣ እንደማይሆን ገባኝ። ለምን እንደማይሆን ግን የቱ ላይ ነው የተጻፈው?» አሉኝ።

ተቀብዬ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በእርግጥም የትም አልተጻፈም። በቃል ላስረዳቸው ብሞክር ነገሬ አንዱ ካንዱ አልገጥም አለኝ፤ ያን ጊዜም ይዤው የኖርሁት የመመሪያውን ቁጥር እንጂ ምክንያቱን እንዳልነበረ አየሁ። ሽማግሌው አመስግነውኝ ሄዱ። ከወቀሳ ይልቅ ምስጋናው ከነከነኝ።

በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ሲጀምር የሚያስተምረው አርትስና ሳይንስ ነበር። ካናዳዊው ክሎድ ሰምነርም ለብዙ ዘመን ፍልስፍና አስተምረው የኢትዮጵያን ፍልስፍና በአምስት ቅጽ ያሳተሙት በዚያው ቤት ውስጥ ሆነው ነው። ቀርቶ የነበረው የጋራ ዓመት በ2012 ዓ.ም. ተመለሰ፤ ልጅቱም ሎጂክን፣ ሥነ ልቡናን፣ አንትሮፖሎጂን፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ታሪክ ቀምሳ ነው የመጣችው። (ሱሉልታም፣ ሰበታም፣ ቡራዩም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል፤ እኛ ግን አሁንም «ከሱሉልታ መጣች» እንላለን።)

ቡና እየተፈላ ቃሌን ልፈጽም ጀመርሁ። ፍልስፍና የተማረ ሥራ እንደማያገኝ ነገርኋት።

«ጋሼ፣ ሥራ ያጡትን ፈላስፎች ቈጥራችሁ ሥራ ያጡትን አካውንታንቶች ለምን ተዋችኋቸው?» አለችኝ።

መልሱ ድፍረት ነበረበት፤ ሐሰት ግን አልነበረበትም። ቢሆንም የእናቷን ፍርሀት ከንቱ ነው ልል አልችልም፤ ወተት ሸጣ ያስተማረቻት እርስዋ ናት፤ ልጅቱ ሥራ ብታጣ የምትመለሰውም ወደዚያው በረት ነው። ይህንንም ነገርኋት። ዝም ብላ አሰበችና «እሱን አላሰብሁትም» አለች።

በዚህ መካከል ስልኩ ጮኸ። እናቷ ነበረች።

«ነገርኻት?» አለችኝ።

የሽማግሌው ዘንግ ትዝ አለኝ። ስልኩን ለልጅቱ ሰጠሁና «አንቺው አስረጃት፤ ምክንያቱን ግን እንዳትዘይው» አልኋት። ወደ በረንዳው ወጣች፤ ቶናው ተቀድቶ እስኪቀዘቅዝ ድረስም አልተመለሰችም።