ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ከደረቀም በኋላ

‹‹ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ›› ይላሉ አበው። ነገር ሥር ሳይሰድ፣ ቂም ሳይጠና ቶሎ ይታረቅ ለማለት ነው። በቶርኖ ገበቴ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ግን አባባሉ ግማሹ ብቻ የተነገረ ሆኖ ይሰማኛል። ገበቴ አንድ ጊዜ በእርጥቡ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከደረቀ በኋላ፣ ሁለት ጊዜ ይሠራልና።

በአገራችን ገበቴ ከጥንት ጀምሮ የሚወጣው በመጥረቢያና በመሮ ነው፤ እንጨቱ ይቀመጣል፣ እጅ ይዞረዋል። በቶርኖ ላይ ግን እንጨቱ ይዞራል፣ እጅ ይረጋል። ብልሃቱ አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በተሠራው፣ በግብፅ በሚገኘው የፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ አንዱ ሠራተኛ ጠፍር እየሳበ እንጨቱን ሲያዞር፣ ሌላው ስለቱን ደግኖ ሲቀርፅ ይታያል። ዛሬ የጠፍር ሳቢውን ቦታ ሞተር ተክቶታል፤ የቀራጩ ሥራ ግን ያው ነው።

እኔ የምሠራበት እንጨት አባቴ በግቢያችን የተከለው ዋንዛ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ ቤቱ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለሦስት ልጆቹ ተከፈለ። ክፍፍሉ ቅሬታ አላጣውም፤ ከዚያ ወዲህ እኔ፣ ወንድሜና እህቴ በአንድ ማዕድ ቀርበን አናውቅም። ዛፉን ደግሞ አዲሱ ባለቤት ለሕንፃው መሠረት ሲል ቆረጠው። ዋንዛ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከጥድና ከዝግባ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ የከለከለው ዛፍ ነበር፤ የግቢ ዋንዛ ግን ጠበቃ አልነበረውም። ግንዱን ለምኜ ወሰድኩት። በውርሱ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ያልተነሣ ንብረት እርሱ ብቻ ነበር።

ግንድ ለገበቴ ሲታሰብ አስቀድሞ በቁመቱ፣ በእምብርቱ ላይ ለሁለት ይሰነጠቃል። እምብርቱም ተላጦ ይወገዳል፤ እንጨት ሲደርቅ ብዙውን ጊዜ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ከዚያም የገበቴው አፍ ወደ እምብርቱ፣ መቀመጫው ወደ ቅርፊቱ ሆኖ ከቶርኖው ይታሰራል። ጎድጓዳው መሮ በብረት ማሳረፊያው ላይ ይቀመጥና በመጀመሪያ የስለቱ ጀርባ እንጨቱን ይነካል፤ እጀታው ቀስ ብሎ ከፍ ሲል ስለቱ መንከስ ይጀምራል። የውጪው ገጽ ከመቀመጫው ወደ ከንፈሩ፣ የውስጡ ከከንፈሩ ወደ መሐሉ ይቀረፃል። እንዲህ ሲሆን የሚቆረጠውን ጅማት ከሥሩ ያለው ጅማት ይደግፈዋል። በተቃራኒው የሄደ ስለት አይቆርጥም፤ ይነቅላል።

አንድን ጉማጅ ለሦስት ሰው እንዴት ማካፈል እንደሚቻል ያስተማረኝ የጆርጅ ሌይሊ ታሪክ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ያረፈው ይህ እንግሊዛዊ ባለሙያ በእግር በሚረገጥ ቶርኖና በቆልማማ ስለት ከአንድ ጉማጅ ብዙ ገበቴዎችን፣ አንዱን ከሌላው ሆድ ያወጣ ነበር። ቶርኖው ዛሬ በሬዲንግ ከተማ በሚገኝ ሙዚየም ተቀምጧል። እኔም በዚያው መንገድ ከአባቴ ዋንዛ ሦስት ገበቴ አወጣሁ፤ ወርዳቸው 30፣ 22 እና 15 ሴንቲሜትር ነበር። ትንሹ ለእምብርቱ የቀረበው ነው። ስለዚህም ዛፉ ገና ለጋ ሳለ፣ አባቴም ጎልማሳ ሳለ የበቀለው እንጨት ያለው በትንሹ ውስጥ ነው። ከዚህ በኋላ የማንኛችን ድርሻ እንደሚበልጥ ለመናገር አልደፍርም።

ከዚያ መጠበቅ ይመጣል። እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። በቁመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ በዙሪያው ግን ከእምብርት ወደ ቅርፊት ከሚቀንሰው በግምት እጥፍ ይቀንሳል። ክብ ሆኖ የተቀረፀው ገበቴ ሞላላ የሚሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ በእርጥቡ ሲሠራ ውፍረቱ የወርዱን አንድ አሥረኛ ያህል ይተውለታል፤ 30 ሴንቲሜትር ለሆነው 3 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ከዚህ ከቀጠነ ሲጣመም ማቃኛ ሥጋ ያጣል፤ ከወፈረ ውጪው ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆንና ይሰነጠቃል። ውሃ ፈጥኖ የሚያመልጠው ጅማቱ በተቆረጠበት ጫፍ ስለሆነ እዚያ ላይ ሰም ይቀባል። እኔ ሦስቱንም በራሳቸው ሰጋቱራ ሞልቼ በጥላ አስቀመጥኳቸው፤ በየሳምንቱም መዘንኳቸው። ክብደታቸው መቀነስ እስኪያቆም ሰባት ወር ፈጀ።

ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው ይከብዳል። የደረቀ እንጨት ይጠነክራል፤ ስለትን ቶሎ ያደንዛል። ነገር ግን በእርጥቡ የማይገኘውን ይሰጣል፤ ከእንግዲህ የያዘውን ቅርፅ አይለቅም። ሞላላው እንደገና ክብ እስኪሆን ቀረፅኩት፤ በመጨረሻም አየር ሲያገኝ ቀስ እያለ የሚጠነክረውን የኑግ ዘይት በስሱ ቀባሁት።

አሁን ሦስቱ ገበቴዎች አንዱ በአንዱ ውስጥ ተቀምጠዋል። ይገባሉ እንጂ አይገጥሙም፤ በመካከላቸው አንዱ ስለቱ የወሰደው፣ አንዱ ድርቀቱ የወሰደው ክፍተት አለ። ተመልሰው አንድ ግንድ አይሆኑም፤ እንዲሆኑም የሚጠብቅ የለም። እኔና ወንድሜ፣ እኔና እህቴም በእርጥቡ መነጋገር የሚገባንን ጊዜ አሳልፈነዋል። ለፋሲካ ሁለቱንም ጠርቻለሁ። ገበቴዎቹን ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ፤ የሚመርጡት እነርሱ ናቸው።